የነገሥታቱ ቋንቋ

ቅዳሜ ገበያ ነው። ከሰቆጣ የመጡ ባልና ሚስት በባንካችን መስኮት ፊት በኽምጣና ሲመካከሩ ሰማሁ፤ አንድም ቃል አልገባኝም። እኔ የላስታ ልጅ ነኝ!

እስከ 1270 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዛጔዎች አገዎች ነበሩ። ዛሬ በመዲናቸው የሚሰማው አማርኛ ነው። የአገው ልሳን በዋግ ኽምጣና፣ በአዊ አውኛ፣ በከረን ብሊን ሆኖ ቀርቷል፤ የጎንደሩ ቅማንትኛ ሊጠፋ ተቃርቧል። ዘመዳሞች ናቸው፤ ውኃ በዋግ «አቍ»፣ በከረን «ዓቍ» ነው። ሆኖም የዋግና የአዊ ሰው በየልሳናቸው ቢያወጉ አይግባቡም። ዘመንና ርቀት ለያይቷቸዋል።

ላሊበላ ማለት «ንብ ንግሥናውን ዐወቀች» ነው ይላል ትውፊታችን፤ ቃሉም የአገው ነው ይባላል። በየቀኑ በማኅተም የምመታው የከተማዬ ስም፣ ፍቺው በማልሰማው ቋንቋ ተቀምጧል። ባልና ሚስቱን ልጠይቃቸው አሰብሁ። ወረፋው ግን እስከ በሩ ደርሶ ነበር።