ቀጥሎ የሚመጣው ውሻ

እህቶቼ፣ ማዳሞቻችን «ቀጥሎ የምናመጣው ውሻ ምን ዘር ይሁን?» ብለው ሲከራከሩ ያልሰማች ታድላለች። ክርክሩ ግን እዚህ አገር አዲስ አይደለም።

የጥንት ግብፆች የሚወዱት ጆሮው የቆመ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ ቀጭን አዳኝ ውሻ ነበር። ከ4000 ዓመት በፊት የነገሠው ዳግማዊ ኢንተፍ ውሾቹን ከነስማቸው በድንጋይ አስቀርጿቸዋል፤ ድንጋዩ ካይሮ ሙዚየም ነበር የተቀመጠው። ስሞቹ የባዕድ ናቸው፣ የሊቢያ ሰዎች ቋንቋ ነው ይባላል። አንደኛው «ሚዳቋ» ማለት ነው። ውሻው ከነስሙ ኖረ፤ ከእኛ ግን ስንቷ ናት ገና በሩን ስትገባ ሌላ ስም የወጣላት!

እ.ኤ.አ. በ1935 ጊዛ የተገኘው ጽሑፍ ደግሞ ይብሳል። አቡቲዩ ለሚባል ጠባቂ ውሻ ንጉሡ የሬሳ ሣጥን፣ ጥሩ በፍታ፣ ዕጣንና ሽቶ ሰጥቶ መቃብር አሠራለት ይላል። ያበላው ሰው ስም የለም።

ወደ ዛሬ ስንመጣ፣ በ2023 ሼክ ዛይድ አንድ ሰው በጎረቤቱ ፒትቡል ተነክሶ ሆስፒታል ገባ፤ በኋላም ሞተ። በዚያው ዓመት ሕግ ቁጥር 29 ወጣ። ውሻ ፈቃድ ይውጣለት፣ ደጅ ሲሄድ ገመድና የአፍ መሸፈኛ ይኑረው ይላል። እና ገመዱን የምትይዘው ማን ናት? የእኔዋ ማዳም አሁን ማሊንዋ አምሯታል፤ ለፖሊስ ሥራ የሚሰለጥነውን ጉልበተኛ። ጎትቶኝ ሰው ቢነክስ፣ ኢቃማ የሌላት ሴት ፖሊስ ፊት ምን ትላለች? ትንሽ ፑድል ይሁን ብያታለሁ። ካልሆነ ራሷ ታውጣው።