የዓባይ አሻጋሪዎች

በሰው አገር የዋና አሠልጣኝነት ሥራ ስጠይቅ «የት ተማርክ?» አሉኝ። «ፍኖተ ሰላም፣ ላህ ወንዝ» አልኩ። የነፍስ አድን ምስክር ወረቀት እስካገኝ ሳህን አጠብኩ።

ዋና ግን በእኛ በጎጃም የቆየ ሙያ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ነጋዴዎች ከባሶ ገበያ አሞሌ ጨው ጭነው፣ ዓባይን ተሻግረው ወደ ጉድሩና እናርያ ይዘልቁ ነበር፤ ሲመለሱ ቡናና ዝባድ ይዘው። በመንገዳቸው ድልድይ የለም። ክረምት ወጥቶ ውኃው ሲጎድል ጭነቱ በተነፋ አቁማዳ ይንሳፈፋል፤ ዋናተኛው በአንድ እጁ እየቀዘፈ በሌላው ይገፋዋል። አዞም አለ! እኔ ይህን ድፍረት ከማንኛውም ምስክር ወረቀት አስበልጣለሁ።

ዛሬ ከቡሬ ወደ ነቀምት መኪናው ዓባይን በድልድይ ያልፋል። ሙያው ግን እንዳይረሳ፣ ዋና የምትችሉ የአገሬ ሰዎች፣ የላህን ዳር ልጆች አስተምሩልኝ።