ጠቢብ እንዴት ጠይብ ተባለ፤ ስለ ወላይታ የእጅ ሠራተኞች ታሪክና ክብር

ሙሴ በደብረ ሲና ሳለ እግዚአብሔር የድንኳኑን ሥራ ባሳየው ጊዜ መልኩንና ልኩን ብቻ ነግሮ አላሰናበተውም፤ ሠራተኛውንም በስሙ ጠራለት እንጂ። ከይሁዳ ነገድ የሆነው ባስልኤል፣ ከዳን ነገድ የሆነው ኤልያብ በወርቅና በብር፣ በናስና በዕንጨት ይሠሩ ዘንድ የጥበብ መንፈስ እንደ ተሰጣቸው በኦሪት ዘጸአት ተጽፏል። ከዚህ አንባቢ የሚረዳው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ጥበብ ከላይ የሚወርድ ሀብት መሆኑ፣ የጥበበኛውም ስም ከሥራው ጋራ ሊጻፍ የሚገባ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ግን ብዙ ዘመን ሥራው ሲወደድ ሠራተኛው ሲናቅ፣ ዕቃው ሲገዛ ስሙ ሲዘነጋ ኖሯል።

ጠቢብ ማለት በግዕዝ ጥበብ የተሰጠው፣ ብልህ፣ አስተዋይ ማለት ነው። ይኸው ቃል በሰው አፍ ሲመላለስ ጠይብ ሆነና ለብረት ቀጥቃጭና ለሸክላ ሠሪ መጠሪያ ተሰጠ፤ ቀጥሎም ከመጠሪያነት ወደ ስድብነት ወረደ። የክብር ስም የነበረው የነውር ስም ሆነ ማለት ነው። ይህ የቃል መለወጥ እንዴት ያለ የኑሮ መለወጥን እንደሚያመለክት ለማየት የወላይታ አገር ታሪክ መልካም ምስክር ይሆናል።

ጉኑኖ ከሶዶ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ የዳሞት ሶሬ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ለምለም፣ ሕዝቡ እጅግ የበዛ፣ በየቤቱ ጓሮ እንሰት የሚተከልበት ነው። በዚያ አገር ገበያ የቆመ ሰው የሠራተኛውን እጅ በየአቅጣጫው ያያል፤ በአንድ ወገን ምጣድና ድስት፣ ገንቦና ጀበና፤ በአንድ ወገን ማረሻና ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላዋ፤ በሌላው ወገን ቁርበትና ጠፍር፤ ደግሞም ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መልክ ያለው ዱንጉዛ የሚባለው የአገሩ ልብስ አለ። ገዢው ድስቱን አንሥቶ በጣቱ ያንኳኳዋል፤ ድምፁ የጠራ እንደ ሆነ ደኅና ናት፣ የታፈነ እንደ ሆነ ስንጥቅ አለባት ይላል። ዋጋ ተከራክሮ ገዝቶ ይሄዳል። የድስቲቱን ጤና እንዲህ አጥብቆ የመረመረ ሰው የሠሪዋን ስም አንድ ጊዜ ስንኳ ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ ይገባል።

በወላይታ ልማድ የእጅ ሠራተኞች በወገን በወገን የተለዩ ናቸው። ሸክላ የሚሠሩት ጪናሻ፣ ቆዳ የሚፍቁት ደገላ፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ዎጋቺያ ይባላሉ። ሙያውም ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል እንጂ ከውጭ ሰው ገብቶ አይማረውም ነበር።

ሸክላ የሴቶች ሥራ ነው። ሴቲቱ አፈሩን ከሚገኝበት ጉድጓድ ቆፍራ በጀርባዋ ተሸክማ ታመጣለች፤ አድርቃ ትወቅጠዋለች፤ ጠጠሩን ለቅማ በውሃ ለውሳ ታሸዋለች። ከዚያ በኋላ ያለ ምንም መሽከርከሪያ በእጅዋ ብቻ ታበጀዋለች፤ ክቡ የሚለካው በዓይንዋ፣ ውፍረቱ የሚታወቀው በጣትዋ ነው። በጥላ ካደረቀችው በኋላ በለስላሳ ድንጋይ ታሸዋለች፤ በመጨረሻም በዕንጨትና በገለባ፣ በኩበትም እሳት ትተኩሰዋለች። አፈሩ እርጥበት የቀረው ወይም እሳቱ ያልተስተካከለ እንደ ሆነ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ሰዓት ይሰነጠቃል። ስለዚህም የአፈርንና የውሃን፣ የነፋስንና የእሳትን ጠባይ ያላወቀ ሰው ሸክላ ሠሪ ሊሆን አይችልም። አራቱን ባሕርያት ሊቃውንት በመጽሐፍ ያስተምሯቸዋል፤ እርስዋ ግን በእጅዋ ታውቃቸዋለች።

ብረት ቀጥቃጩም እንዲሁ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉ ቀጥቃጮች በቀድሞ ዘመን ከአፈር ብረት ያነጥሩ ነበር፤ በኋላ ግን ከተሰበረ መኪና የሚገኘውን ብረት በወናፍ እያጋሉ ማረሻ አደረጉት። ማረሻ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለም ማዕድ የለም።

የዚህ አገር ጥበብ የዛሬ ብቻ አይደለም። በዳሞታ ተራራ ጎን ሞቼና ቦራጎ የሚባል ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች በዚያ ቆፍረው ከባልጩት የተጠረቡ ብዙ መሣሪያዎች አግኝተዋል፤ ዕድሜያቸውንም ከ40 ሺህ ዓመት በላይ አድርገው ገምተውታል። ባልጩት ጠርቦ ቆዳ መፋቅም በኢትዮጵያ ፈጽሞ የጠፋ ሙያ አልነበረም፤ የጋሞ ወንዶችና የኮንሶ ሴቶች በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ ሲፍቁ ሊቃውንት በዘመናችን አይተው ጽፈዋል። እንግዲህ ቆዳ ፋቂን የሚንቅ ሰው ከሰው ልጆች ሙያ ሁሉ ምናልባት በዕድሜ የሚቀድመውን እንደሚንቅ ያስተውል።

በወላይታ ነገሥታት ዘመን ሠራተኛው ለመንግሥቱ እጅግ የሚያስፈልግ ነበር። የጦሩን ስለት የሚያወጣው፣ የጋሻውን ቆዳ የሚያለፋው፣ የቤተ መንግሥቱን ግብር የሚያበስልበትን ዕቃ የሚያበጀው እርሱ ነው። ነገር ግን ባለ ርስቱ ከእርሱ ጋራ በአንድ ማዕድ አይቀመጥም፤ ልጁንም ለልጁ አይሰጥም፤ በሸንጎም ከጨዋ ጋራ አያስቆጥረውም ነበር። መጽሐፈ ሲራክ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ከሌሉ ከተማ እንደማይኖር፣ ነገር ግን በሸንጎ እንደማይፈለጉ የሚናገረው ነገር በወላይታ እንደ ተጻፈው ተፈጽሞ ይታይ ነበር።

በ1887 ዓ.ም. ዓፄ ምኒልክ በወላይታ ላይ ዘመቱ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦናም ብርቱ ውጊያ ከተዋጋ በኋላ ተማረከ። በዚያ ዘመቻ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፤ ብዙ ሕዝብና ከብትም ተማርኮ ተነዳ። መንግሥቱ ተለወጠ፤ ባለ ርስቱ ራሱ ገባር ሆነ፤ የሠራተኛው ንቀት ግን አልተለወጠም። ከሰሜን የመጣው ሰውም ቢሆን ይህን ንቀት የሚያርም አልነበረም፤ በአገሩ ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያለ የሚሳደብ ነበርና የራሱን ንቀት በወላይታው ንቀት ላይ ጨመረበት።

እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሰው ራሱን ሊመረምር ይገባዋል። ቅኔ የተማረ ሁሉ በሰምና ወርቅ ይመካል፤ ይህ ስም ከወዴት እንደ መጣ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ መልኩን በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ ወርቁን ያፈስበታል። እንግዲህ የቅኔ ሊቅ የሙያውን ታላቅ ስም የተበደረው ከአንጥረኛው ምድጃ ነው። ተበዳሪው ሲከበር አበዳሪው ቡዳ ተባለ።

ይህም ብቻ አይደለም። ማኅሌቱ የሚደምቅበት ጸናጽል የቀጥቃጭ ሥራ ነው፤ ከበሮውም ያለ ቆዳ ሠራተኛ አይመታም። ወንጌሉ የተጻፈበት ብራና ራሱ የፍየል ቆዳ ነው፤ በዕንጨት ተወጥሮ ካልተፋቀ ብራና አይሆንም። ደብተራው ቆዳ ሲፍቅ ብራና አወጣ ተብሎ ይመሰገናል፤ ደገላው ቆዳ ሲፍቅ ፋቂ ተብሎ ይሰደባል። ቆዳውም አንድ፣ መፋቁም አንድ ሆኖ ሳለ ምስጋናውና ስድቡ ከወዴት መጣ? ጌታ በጠራቢ ቤት እንዳደገ፣ ጳውሎስም ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋራ ድንኳን እየሰፋ እንደ ኖረ የሚያነብ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አያገኝለትም።

ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ጽሕፈት የሚጽፈውንም ሰው በሙያው ስም መስደብን ከለከሉ፤ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑንም አሳሰቡ። አዋጁ ታላቅ ነበረ፤ ነገር ግን አዋጅ የሰውን ምላስ ይገታል እንጂ ልቡን ቶሎ አያዞርም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ደግሞ መሬት ለማረስ ፈቃድ ላለው ሁሉ ያለ ልዩነት እንዲሰጥ ሕጉ አዘዘ። ርስት አልባ ለነበረው ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ይህ ትልቅ ነገር ነበረ። ሆኖም ሕግ መሬትን ሊያካፍል ቢችል ማዕድንና ጋብቻን ሊያካፍል አልቻለም፤ ይህ ለሰው ልብ የቀረ ሥራ ነው።

ስምን የመጻፍ ልማድ በኢትዮጵያ ያልነበረ አይደለም። በዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ ሠዓሊ ነበረ። በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ስለ ተጻፈ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ሊቃውንት እጁን ለይተው ሌሎችንም ሥዕሎች የእርሱ ናቸው ለማለት በቁ። ብራና ጸሐፊም በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን ጽፎ አንባቢው በጸሎት እንዳይረሳው ይለምናል። ሸክላ ሠሪዋ ግን ስምዋን በየት ትጻፍ? ድስቷ መደምደሚያ የላትም፤ በተሰበረች ጊዜም ከገሏ ጋራ መታሰቢያዋ አብሮ ይጣላል።

በሌላው ዓለም ይህን ያረሙ አሉ። በናይጄርያ ላዲ ክዋሊ የምትባል ሴት በመንደርዋ ልማድ ያለ መሽከርከሪያ እንስራ ትሠራ ነበር። ሥራዋን ያዩ ሰዎች ስምዋን ጠየቁ፤ በሩቅ አገርም ታወቀች፤ በኋላ አገርዋ በ20 ናይራ ገንዘብዋ ላይ መልክዋን ከእንስራዋ ጋራ አተመች። በካናዳ በበረዶው አገር የተወለደችው የኢኑይት ወገን ኬኖጁዋክ አሼቫክ ጉጉትና ወፍ ትሥል ነበር፤ በ1970 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መንግሥቱ የጉጉትዋን ሥዕል በፖስታ ቴምብር ላይ አወጣው። እነዚህ ሁለት ሴቶች ከወላይታ ሸክላ ሠሪ በእጅ ብልሃት ይበልጡ ይሆን ብሎ መከራከር አያስፈልግም። የሚበልጡበት የታወቀ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ስማቸውን የጠየቀ ሰው አገኙ።

በዛሬው ዘመን ነገሩ የበለጠ ያስቸኩላል። ውሃ የሚቀዳበትን እንስራ የፕላስቲክ ጀሪካን ተክቶታል፤ ድስቱንም የፋብሪካ ብረት ድስት እየገፋው ነው። እናትዋ በሙያዋ ስትሰደብ እየሰማች ያደገች ልጅ ሙያውን ብትሸሽ የሚፈርድባት የለም። ደግሞም በጊፋታ በዓል ዱንጉዛ ለብሶ፣ በሸክላ ጠጥቶ፣ ባህላችን ብሎ የሚመካ ሰው የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ለልጁ በታጨች ጊዜ ፊቱን የሚያዞር እንደ ሆነ፣ መመኪያው ሰም ብቻ ነው፤ ወርቅ የለውም።

መድኃኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ በመስቀሉና በመጋረጃው ላይ የሰጪው ስም ይጻፋል፤ ይህም መልካም ልማድ ነው። ከሰጪው ስም አጠገብ የሠሪው ስም ቢጨመር አንድ መሥመር ብቻ ይበቃዋል። መምህሩ ልጆቹን ወደ ቀጥቃጩ ምድጃ ወስዶ ያሳያቸው፤ ገዢውም ድስቱን ካንኳኳ በኋላ የሠሪዋን ስም ይጠይቅ፤ ካህኑም በማዕድና በጋብቻ የሚደረገውን ንቀት ኃጢአት ነው ብሎ ይገሥጽ። ባስልኤልን በስሙ የጠራ አምላክ የጪናሻይቱንም ስም ያውቃልና፤ ያልታወቀው በጎረቤትዋ ዘንድ ብቻ ነው።