ጎርፍ ሽቅብ የሚወጣባት ሮቢት

እህ በሉኝ የሮቢት ልጆች፤ ቆቦም ጎብዬም ያላችሁ ጠጋ በሉ።

የራያን ሜዳ ታውቁታላችሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ፣ በምዕራብ በኩል ተራራው ይጠቁራል። ጥቂት ቆይቶ ጎርፉ እያጓራ ይመጣል። ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ መጥለፊያውን ቀድሞ አበጅቶ ይጠብቀዋል፤ ከወንዙ ጠልፎ ወደ ማሽላው ይመራዋል። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ቆላውን ያበላል። ይህን ለማያውቅ ሰው ብትነግሩት ተረት ነው ይላችኋል። እኛ ግን የኖርንበት ሕግ ነው፤ ዛሬ ይህንኑ ሕግ ልገለብጥላችሁ ነው።

እንግዲህ አንድ ማለዳ ሮቢት ስትነቃ ውሃ ቁልቁል መውረድ ትቶ ሽቅብ መውጣት ጀመረ እንበል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ድንጋይ ይወድቃል፣ ፀሐይ በዞብል ተራራ በኩል ትወጣለች፣ ግመል ጨው ይሸከማል። የተለወጠው ውሃ ብቻ ነው፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ ከፍታ ይወጣል።

አሁን ቤት ለቤት እንሂድ። እንስራ ሁሉ ውታፍ ይሻል፤ ካልተወተፈ ውሃው ግድግዳውን ወጥቶ ያመልጣል። ቡና የምታፈላዋ እመቤት ጀበናዋን ማዘንበል ቀርቶላታል፤ ውታፉን ስትነቅል ቡናው ራሱ ይመጣል፣ እሷ ሲኒውን መደቀን ብቻ ነው። ሕፃን ልጅ የሚታጠበው ከራሱ ሳይሆን ከእግሩ ተጀምሮ ነው። እንባስ? ያለቀሰች እናት እንባዋ ወደ ግንባሯ ይወጣል፤ በለቅሶ ቤት ሻሽ የሚታሰረው እንባ ለመያዝ ይሆናል።

ከቤት ስንወጣ ነገሩ ይከብዳል። ወንዞቻችን ሆርማትና ጎሊና ፊታቸውን አዙረው ወደ ምዕራቡ ተራራ ይመለሳሉ። ውሃው አሁን የሚመጣው ከታች፣ ከአፋር በኩል ነው። ትናንት የላይኛው ገበሬ ቀድሞ ያጠጣ ነበር፤ ዛሬ ቀዳሚው የአፋር አርብቶ አደር ሆነ፣ ሮቢት ሁለተኛ፣ ደገኛው መጨረሻ። የውሃ አባቱ ተራ የሚያካፍልበት ሥርዓት ሁሉ ከሥሩ ይፈርሳል። ሽማግሌዎች ቁልቁል ወርደው አፋርን መለመን አለባቸው። ምን ይዘው ይሄዳሉ? በማን ስም ይምላሉ? ልጆቼ፣ ጨዋታው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ጨዋታ በዓለም ላይ ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን አሳተሙ። አንዱ ሰው ዓለሙን ይተርካል፤ የቀሩት ጠረጴዛውን ከበው እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ተራኪው «አሁን ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ የሚሉትን ባለ ሃያ ገጽ ጠጠር ይጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ለዚሁ ጨዋታ ዳርክ ሰን የሚባል ዓለም ወጣ። በዚያ በረሃ ብረት ብርቅ ነው፤ አስማት የሚሠራ ሰው ኃይሉን የሚወስደው ከዕፅዋት ሕይወት ስለሆነ፣ ካልተጠነቀቀ በዙሪያው ያለው ምድር አመድ ይሆናል። አንድ ሕግ ነው የተለወጠው፤ ነገር ግን ንጉሡም፣ ባሪያውም፣ እርሻውም ከዚያች ሕግ ተወለዱ። እኔ ከዚህ ሁሉ ዓለም የምወደው ይህን ነው፤ ምክንያቱም የተራቆተ ተራራ ያየ ሰው ሕጉን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

እኛስ ባዶ እጃችንን ነን? «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብለን አድገናል። መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል! ጠያቂው ጎንደርን አልፈልግም ይላል፣ ሐረርን ይመርጣል፣ ከዚያም እዚያ ገብቶ የበላውን የጠጣውን እየዘረዘረ ተሸናፊውን ይሰድበዋል። በቃል ብቻ አገር እየሰጡና እየተቀበሉ መጫወት የአያቶቻችን ነው። በብራና ያነበቡትም በግዕዙ መጽሐፍ በዜና እስክንድር ታላቁ እስክንድርን ተከትለው የሕይወት ውሃ ፍለጋ ወደ ጨለማ ምድር ሄደዋል።

ወደ ሮቢታችን ልመለስ። ከተጫዋቾቹ አንዷ ትነሣና «ጋሼ፣ ደማችንስ? እሱም ወደ ራሳችን ይወጣል?» ትላለች። ተራኪው እዚህ ላይ ሊፈራ አይገባም። ደም ውሃ አይደለም ካለ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ደም ውሃ አይሆንም። ወተትስ? ጠላስ? እያንዳንዱን ሲጠየቅ ይወስናል፤ የወሰነውን ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ለሚወደው ተጫዋች ብሎ አይሽረውም። ተራኪ ያወጣውን ሕግ ሲጥስ ዓለሙ ያኔውኑ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያምነውም። በእውነተኛው ዓለም የሕግ መጣስ ምን እንደሚያመጣ ለራያ ልጅ አልነግረውም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በዚህ ሜዳ አልፏል፤ ያኔ ልጅ የነበረው ዛሬ ጎረምሳ ነው። ለእሱ፣ የተናገረው ቃል የሚጸናበት፣ ከጠላቱ ጋር ውሃ ለመካፈል ብልሃት የሚፈልግበት አንድ ምሽት ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህ ጨዋታ ከውጭ የሚመጣ መጽሐፍም ውድ ዕቃም አያስፈልግም። ባለ ሃያ ገጹ ጠጠር ከሌለ ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች በቆብ ውስጥ ይበቃሉ። ቤተ መንግሥትና ዘንዶም አትዋሱ፤ ዞብል አለላችሁ፣ የማሽላ ማማ አለላችሁ፣ ግመል ነጂው አለላችሁ። እንግዲህ መምህራን፣ በየትምህርት ቤቱ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ያላችሁ፣ ልጆቹን አራት አምስት አድርጋችሁ አስቀምጡና አንድ የተፈጥሮ ሕግ ብቻ እንዲለውጡ ጠይቋቸው። ሁለት እንለውጥ ቢሏችሁ እንቢ በሉ፤ አንዱ ማጀት ድረስ እስኪገባ ሌላውን አታስነኳቸው።