ከእናት እጅ የሚገኝ ትምህርት

ብዙ ሰው ዕውቀት የሚባለው ነገር በመጽሐፍ ተጽፎ፣ በሰሌዳ ላይ ተሥሎ፣ በፈተና ተመዝኖ የሚገኝ ብቻ ይመስለዋል። እኔም በወጣትነቴ ከነዚሁ ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔ ዘግይቼ የተማርሁትን እናንተ በጊዜው እንድታውቁት ብዬ ነው።

እናቴ ስፌት ታውቅ ነበር። ስንደዶውን ቀለም ነክራ፣ በወስፌ እየወጋች፣ የጎረቤት ሰው የሚያደንቀው መሶብ ትሰፋ ነበር። እኔ የንድፍ ትምህርት ጀምሬ ለዕረፍት ወደ ቤት በተመለስሁ ጊዜ፣ ክብ ነገር በኮምፓስ እንዴት እኩል እንደሚከፈል በወረቀት ነድፌ ሰጠኋት። እርሷም ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ ከተመለከተችው በኋላ፣ «መልካም ነው ልጄ፤ ነገር ግን መሶቡ እየሰፋ ሲሄድ ይህ ወረቀትህ አብሮ ይሰፋልን?» አለችኝ። እኔም ሣቅሁ።

ጥያቄዋ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ስፌት ከመካከል ተጀምሮ ዙር በዙር ወደ ውጭ የሚያድግ ስለ ሆነ፣ ጌጡ ሳይዛነፍ ገጥሞ እንዲዘጋ፣ ሰፊዋ በየዙሩ ምን ያህል እንደምትጨምር አስቀድማ ማወቅ አለባት። እናቴ ይህን ሁሉ ቍጥር በልቧ ይዛ ኖረች። እኔም አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቃት ዐረፈች። መሶቡ ዛሬም በቤቴ አለ፤ ቍጥሩ ግን አብሯት ሄደ።

ይህ ጸጸት በልቤ ሳለ ኡቼ ኦኬኬ የተባለ የአንድ ናይጄሪያዊ ሠዓሊ ታሪክ አነበብሁ። እኔ ያላደረግሁትን እርሱ ያደረገ ሰው ስለ ሆነ ታሪኩን ባጭሩ እነግራችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኦኬኬ የተወለደው በ1933 ዓ.ም. ነው። ወገኑ በምሥራቅ ናይጄሪያ ከሚኖረው ከኢግቦ ሕዝብ ሲሆን፣ ያደገው ግን ከወገኑ አገር ርቆ በሰሜን ነበር። ሥዕል ለመማርም በዚያው በሰሜን፣ በዛሪያ ከተማ ወደሚገኘው ኮሌጅ ገባ። አገሪቱ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ስለ ነበረች፣ የሥዕሉ ትምህርት የተቀረጸው በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች አምሳል ነበር። ተማሪዎቹ የአውሮፓን ሠዓልያን ታሪክና አሣሣል ይማራሉ፤ የገዛ አያቶቻቸው በግድግዳ፣ በእንጨትና በነሐስ የሠሩት ግን በትምህርቱ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ አልነበረውም።

በ1958 ዓ.ም. ኦኬኬና ጓደኞቹ፣ ከነርሱም መካከል ዴማስ ንዎኮ፣ ብሩስ ኦኖብራክፔያና ዩሱፍ ግሪሎ፣ አንድ የተማሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ከመደበኛው ትምህርት ውጭ እየተሰበሰቡ ስለ አገራቸው ጥበብ ይነጋገሩ ነበር። ናይጄሪያ ነጻነቷን ባገኘችበት በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ኦኬኬ ሐሳቡን በጽሑፍ አወጣ። የሐሳቡም ፍሬ ይህ ነው፤ ከውጭ የመጣውን ሁሉ መጣል ሞኝነት ነው፤ የራስን ሁሉ ትቶ የውጭውን መቅዳትም ባርነት ነው፤ የሚበጀው ከሁለቱም መልካሙን መርጦ ማዋሐድ ነው።

ይህን መናገር ቀላል ነው። በየስብሰባው እንዲህ እያልን ስንናገር ብዙ ዘመን ሆኖናል። ዳሩ ግን ሰው ከራሱ ነገር መልካሙን ለመምረጥ አስቀድሞ የራሱን ነገር ማወቅ አለበት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለውም ለዚህ ነው። ኦኬኬን የማደንቀው ጽሑፉን ስለ ጻፈ ብቻ አይደለም፤ ከጻፈ በኋላ ሄዶ ከእናቱ ፊት ተማሪ ሆኖ ስለ ተቀመጠ ነው።

እናቱ ኡሊ የተባለውን የኢግቦ ሴቶች ሥዕል ታውቅ ነበር። ኡሊ የሚሣለው ከአንድ ተክል ፍሬ በተጨመቀ ውሃ ነው። ገላ ላይ ሲቀቡት እምብዛም አይታይም፤ ቈይቶ ይጠቍርና ሳምንት ያህል ሰንብቶ ይጠፋል። በጭቃ ግድግዳም ላይ ሴቶች በከሰል፣ በነጭ አፈርና በቀይ አፈር ይሥሉታል፤ ክረምት ሲመጣ ዝናቡ ያጥበዋል፤ ሲበራም እንደ ገና ይሥሉታል። ጨረቃን፣ እንሽላሊትን፣ የተጠቀለለ ዘንዶን፣ የኮላን ፍሬ በጥቂት መስመር ያሳያሉ። አብዛኛውን ቦታ ባዶ ይተዉታል፤ ባዶው ቦታ ግን የተረሳ ሳይሆን የታሰበበት ነው። መስመሩ የት መቆም እንዳለበት ማወቅ ትልቁ ጥበባቸው ነው። ይህን ሁሉ ልጅ ከእናቷ እያየች ትማረዋለች እንጂ የተጻፈ ሕግ የለውም። ኦኬኬ ከእናቱ ያየውን ይህን መስመር በ1962 ዓ.ም. በሠራቸው ኦጃ በተባሉ ሥዕሎቹ ላይ አዋለው።

ከዚህ በኋላ መከራ መጣ። ከ1967 እስከ 1970 ዓ.ም. በኢግቦ አገር ብርቱ የእርስ በርስ ጦርነት ሆነ። በ1960 ዓ.ም. የተከፈተው የንሱካ ዩኒቨርሲቲም በጦርነቱ ተዘጋ፤ ብዙ ንብረቱም ጠፋ። ጦርነቱ ሲያበቃ ኦኬኬ ወደዚያ ሄዶ የሥነ ጥበብ ክፍሉን መራ። በዚያም ኡሊን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አደረገው። ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው ወደ ገጠር እየሄዱ የሚሥሉትን ሴቶች ይፈልጉ፣ የምልክቶቹን ስምና የአሣሣሉን መንገድ ይጠይቁ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ኦቢዮራ ኡዴቹኩ፣ ኋላ እርሱም በዚያው ትምህርት ቤት መምህርና የታወቀ ሠዓሊ ሆነ። ቤቱ የፈረሰበት ሕዝብ ዳግመኛ ሲነሣ፣ ከግድግዳው ጋር የጠፋውን መስመር በወረቀት ላይ አገኘው።

እንግዲህ ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው ደስ ባለኝ። ነገር ግን እውነቱን ከፍዬ ብነግራችሁ አስቀይማችሁ ይሆናል እንጂ አልጠቅማችሁም። የኡሊ መስመር በዩኒቨርሲቲው ሲከብር፣ በገጠር ያሉት ሴቶች ግን ሥዕሉን እየተዉት ነበር። የጭቃው ግድግዳ በሲሚንቶ ተተካ፤ የሃይማኖት ሰባኪዎችም የገላውን ሥዕል የአረማዊነት ምልክት ነው ብለው ነቀፉት። ጥበቡ የሴቶች ሆኖ ሳለ፣ በስሙ የታወቁት ሠዓልያን አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ኦኬኬ የእናቱን ውለታ አልሸሸገም። የብዙዎቹ አሮጊቶች ስም ግን በማንም መጽሐፍ አልገባም፤ በመምህር ወንበርም የተቀመጡ ጥቂት ናቸው። ማሩን ቈርጦ ንቡን የሚረሳ ሰው ለከርሞ ምን ይበላል?

ይህ የናይጄሪያ ጉዳይ ብቻ ነው እንዳትሉ ወደ አገራችን ልመልሳችሁ። በእኛ አገር ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው በሥራቸው ምክንያት ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ታላቅ ነበር፤ ሆኖም ስድቡ በአንድ አዋጅ አልጠፋም። የሸክላ ሠሪዋን እንስራ ቅርጽ ለትምህርት የሚያደንቅ፣ እርሷን ግን በማዕዱ የማያስቀርብ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው የአገሩን ጥበብ አከበርሁ ቢል ራሱን ያታልላል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» እንዲሉ፣ ቅርብ ስለ ሆነ ብቻ የናቅነው ስንት ነው!

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ነገ የሥዕልና የንድፍ መምህር የምትሆኑ ትኖራላችሁና ይህን ልብ በሉ። የአገሩን ዕውቀት ወደ ትምህርት ቤት ማስገባት ማለት፣ የጥለቱን መልክ በወረቀት ቀድቶ መመለስ ብቻ አይደለም። ሸማኔውን ራሱን ወደ ክፍሉ መጥራት፣ «መምህር» ብሎ ማስቀመጥ፣ ለድካሙም እንደ ማንኛውም መምህር ዋጋውን መክፈል ነው። የተማራችሁትን ስትሠሩበትም ከማን እንደ ተማራችሁ ስሙን ጻፉ። ኮምፓሱንም አትጣሉት፤ እርሱም የራሱ ጥቅም አለው። ነገር ግን ኮምፓስ ይዞ ወደ እናቱ ቤት የሚገባ ሰው ከማስተማሩ በፊት ይጠይቅ።

እኔ አሁን አንዳንድ ማታ መሶቡን በጕልበቴ ላይ አስቀምጬ ከመካከሉ ጀምሬ ዙሩን እቈጥራለሁ። ጥቂት ዙር እንደ ሄድሁ ይጠፋኛል፤ የምጠይቀውም የለም። የእናንተ እናት በሕይወት ካለች ግን ነገ ሳትሉ ዛሬ ጠይቋት።