የዲስክ ዕረፍትና የአዳማ መብራት

ሐርድ ዲስክ ሲፈጠር ዕረፍት አያውቅም ነበር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ 50 ሳህኖቹን ያለማቋረጥ ያሽከረክር ነበር። የቁጠባ ነገር የመጣው ኮምፒውተር በባትሪ መሥራት ሲጀምር ነው። ኢንቴልና ማይክሮሶፍት በ1992 ኤፒኤም የተባለውን የኃይል አጠቃቀም ሥርዓት አወጡ፤ በ1996 ኤሲፒአይ ተከተለ። ለዲስኩም ለብቻው ከ1 እስከ 254 የሚደርስ ደረጃ ወጣለት። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዲስኩ ቶሎ ያርፋል፤ ከ1 እስከ 127 ባለው ደረጃ ሞተሩን ጭምር ሊያቆም ይችላል።

ዕረፍቱ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። ማንበቢያው ከሳህኑ ላይ ተነሥቶ ማረፊያው ላይ በወጣና በተመለሰ ቁጥር ትንሽ በትንሽ ያረጃል። ብዙ የላፕቶፕ ዲስኮች 600,000 ጊዜ እንዲችሉ ተደርገው ይሠራሉ፤ ቁጥሩ ብዙ ይመስላል፤ በየደቂቃው አንዴ ቢያርፍ ግን በቀን 1,440፣ በ417 ቀን ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 ኡቡንቱ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ተጠቃሚዎች ያስደነገጠው ይኸው ነበር። የትኛው ደረጃ እንደሚሻል የሚያሳየው ፈተናም ከዚህ ይነሣል፦ ደረጃው ይቀየራል፤ ዲስኩ ሥራ ይፈታል፤ አልፎ አልፎ ጥቂት እንዲያነብ ይደረጋል፤ ከዚያ ስማርት የሚባለው የዲስኩ መዝገብ ስንት ጊዜ እንዳረፈ ይነበባል።

በአዳማ ግን መብራት ስለሚቆራረጥ ፈተናው በዚህ አያበቃም። ከተማዋ የኃይል ማመንጫዎች ጎረቤት ናት። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960፣ 43.2 ሜጋ ዋት ይዞ ሥራ ጀመረ፤ አዋሽ 2 በ1966፣ አዋሽ 3 በ1971 እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ጨመሩ፤ የአዳማ ነፋስም በ2012 51፣ በ2015 153 ሜጋ ዋት ሰጠ። ይሁንና ሁሉም የሚገባው ወደ አገሪቱ ቋት ስለሆነ፣ የሰፈር መስመርና ትራንስፎርመር ሲበላሽ የግድቡ ቅርበት አይጠቅምም።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ዲስኩ ሳህኑ ገና በመሽከርከር ላይ ባለው ጉልበት ማንበቢያውን ወደ ማረፊያው ይስባል። ይህ ከተለመደው ዕረፍት የከፋ ጫና ነው፤ መዝገቡም ለብቻው ይቆጥረዋል። ደረጃውን መቀየር ብቻውን አይከላከለውም፤ የሚያድነው ዩፒኤስ የተባለው መጠባበቂያ ወይም የላፕቶፕ ባትሪ ነው። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ሁለቱንም ቆጣሪዎች ያላነበበ ፈተና ግማሽ ነው። ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ላለ ዴስክቶፕ ደረጃውን ወደ 254 ከፍ ማድረግ ይበጃል፤ በባትሪ ለሚሠራ ላፕቶፕ ግን ዝቅ ያለው የተሻለ ነው፤ ቆጣሪው እየታየ። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ማንበቢያ ስለሌለው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ገና ያልተጻፈው መረጃ ግን እሱም ላይ ሊጠፋ ይችላል።