መጀመሪያ ለማን ይነገራል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን አባባል በኤች አይ ቪ ትምህርት ላይ ያልሰማች አባል በመካከላችን የለችም። ታሪኩን መለስ ብለን ስናየው ግን አባባሉ ለረጅም ጊዜ አልሠራም። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ዕድሜ የሚያራዝመው መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ጥቂት ጊዜ በክፍያ ይገኝ ነበር፣ ለቻለ።

በመካከሉ ባሉት ሃያ ዓመታት ገደማ የተናገረችውም የደበቀችውም መድኃኒት አልነበራቸውም። የተናገረችው ግን የምታጣው ነገር ነበራት፤ የተከራየችውን ክፍል፣ እንጀራ የምትሸጥላቸውን ደንበኞች፣ ጎረቤት ቡና የምትጠጣበትን ስኒ። ለቅሶ ቤት እንኳ «ሳንባ ነው»፣ «ምች ነው» እየተባለ ይታለፍ ነበር። ዝም ብለው ያለፉትን እህቶቻችንን ፈሪ ማለት ይከብደናል።

መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መግቢያ ሲመሠረቱ፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች በአደባባይ መናገራቸው የሚደንቀን ለዚህ ነው። መድኃኒት ሳይኖር ነው የተናገሩት።

ቀጥሎ የመጣው ብዙ ያልተወራለት ለውጥ ስልኩ ነው። ወገን በተባለው የ952 ነጻ መስመር፣ ስሟን ሳትናገር ከአማካሪ ጋር መነጋገር ተቻለ። «ቤተኛ» በተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ውሏቸውን በራሳቸው ድምፅ አወሩ። በዝምታና በአደባባይ መካከል ሌላ ቦታ ተገኘ። ለባሏ ምን እንደምትል ማንም ሳያያት አስቀድማ መለማመድ የምትችልበት ቦታ ማለታችን ነው።

ይህ ለሴቶች ይበልጥ አስፈላጊ ነበር። በእርግዝና ክትትል ላይ ምርመራው ሲለመድ፣ ከባልና ሚስት መጀመሪያ ውጤቷን የምታውቀው ብዙ ጊዜ ሚስት ሆነች። ቀድማ ያወቀች ደግሞ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» ትባላለች። ልጇን ከቫይረሱ ለመጠበቅ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ አለባት፤ ከባሏ ተደብቆ የሚወሰድ መድኃኒት ግን ሰዓቱ ይዛነፋል። ስለዚህ መናገር ዛሬ እውነተኛ ጥቅም አለው። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዳ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደላት ሴት በግንኙነት እንደማታስተላልፍ መታወቁም ወሬውን አቅልሎታል። ባሏ የሚመታት ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። መጀመሪያ እህቷን ወይም አማካሪዋን ትንገር፤ ባሏ ይቆይ።

ለጋሾቻችንንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። እንግዳ ሲመጣ መድረክ ላይ ወጥታ ሕይወቷን የምትተርክ ሴት ማቅረብ የተለመደ ሆኗል። እንግዳው በማግሥቱ ይሄዳል፤ እሷ ግን እዚያው ቀበሌ ውስጥ ነው የምትኖረው። በእኛ ማኅበር አዲስ የመጣች አባል ለምን እንደመጣች አትጠየቅም፤ ቡናው ሲፈላ ከሌሎቹ ጋር ትቀመጣለች። አንዳንዷ በሁለተኛው ወር ትናገራለች፣ አንዳንዷ ዓመት ይፈጅባታል፣ ጨርሰው ያልተናገሩም አሉ፤ ቁጠባቸውን ግን አንድ ወር አላቋረጡም።